በወረርሽኝ ጊዜ የኮሌጅ ውድድር በተመልካች ይካሄድ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሌጅ ስማር የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አያመልጠኝም ነበር። የምጠይቀው ስፖርቱን ስለምወደው ነው። ማርች 12 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በኮቪድ ምክንያት የወንዶቹንም የሴቶቹንም ትልቅ የቅርጫት ኳስ ውድድር ሰረዘ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ? ጨርሶ መሰረዝ ይሻላል ወይስ ተመልካች ቀንሶ መቀጠል?

መልስ 1፦
መቀጠል ይቻላል። በ2021 የወንዶቹ ውድድር በሙሉ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ተካሄደ። የተፈቀደው ተመልካች ከአዳራሹ አቅም እስከ 25 በመቶ ነበር። ተጫዋቾቹም በየጊዜው ይመረመሩ ነበር። ለስንቱ ልጅ የመጨረሻ ዕድሉ እኮ ነው!

መልስ 2፦
እሺ፣ ግን የቪሲዩን (የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲን) ልጆች አስታውሱ። በዚያው ውድድር ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊጫወቱ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው፣ በምርመራ ኮቪድ ስለተገኘባቸው ጨዋታው ቀረ። ኦሪገን ሳይጫወት አለፈ። በጣም ነው ያሳዘኑኝ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከአዳራሹ ውጪ ያለው ነው። ወንበር ብታራርቅም፣ ሰው በር ላይ ይጋፋል፣ በአውቶቡስ ታጭቆ ይመጣል፣ ማታ ደግሞ ሲጨፍር ያድራል። ተማሪው በማግስቱ ወደ ዶርሙና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እዚያ የሚያጸዱትና ምግብ የሚያቀርቡት ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋታውን እንኳ አላዩም። ተጫዋቾቹም ያኔ ደመወዝ አልነበራቸውም። ስለዚህ ክትባት እስኪዳረስ በቴሌቪዥን ብቻ ይታይ ባይ ነኝ። መጫወት ያልፈለገ ልጅም ስኮላርሺፑ አይነካ።

መልስ 1፦
በስኮላርሺፑ እስማማለሁ። ወላጆች ግን ይግቡ!