ቢልቦ «ደፈረ» ወይስ «ልብ ገዛ»?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። ዛሬ የመጣሁት አንድ የፈረንጅ ልብ ወለድ ባነሳብኝ ጥያቄ ነው። ስለ «ዘ ሆቢት» የተጻፈ የአማርኛ አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው «ፈሪ የነበረው ቢልቦ በመጨረሻ ደፋር ጀግና ሆነ» ብሎ ይዘጋዋል። ቃሉ አልተዋጠልኝም። ግን ያልተዋጠልኝን ካልኩ የሚሻለውን ማምጣት አለብኝ። እሱን ፍለጋ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1937 ለንደን ታተመ። ደራሲው ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። ቢልቦ ባጊንስ ሆቢት ነው። ሆቢቶች ቁመታቸው የእኛ ግማሽ ያህል ነው፤ እግራቸው ጸጉራም፣ ምግብና ምቾት ወዳዶች ናቸው። ሰውዬው 50 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ከቤቱ ርቆ አያውቅም። አንድ ቀን ጋንዳልፍ የሚባል ጠቢብ 13 ድዋርፎች (ጢማም፣ ድንክ የተራራ ሕዝብ) ይዞበት ይመጣል። (ጋንዳልፍን «ጠንቋይ» ያላችሁ እንደሆነ አያቶቻችን መጽሐፉን ቤት አያስገቡትም፤ ስለዚህ ጠቢብ።) ድዋርፎቹ ስማውግ የተባለ ዘንዶ የነጠቃቸውን ተራራና ሀብት ማስመለስ ይፈልጋሉ። ቢልቦን የሚቀጥሩት በሌብነት ነው። ክፍያው ትርፍ ከተገኘ ከ14 አንድ እጅ።

እንግዲህ ይህ ሰውዬ ምን ሆነ እንበል? ደፈረ? ጀገነ? በሰለ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ልጄ፣ ጥርጣሬህ ቦታው ላይ ነው። በአማርኛ «ደፋር» ምስጋና ብቻ አይደለም። እናት ልጇን «አንተ ደፋር!» ስትለው እየሸለመችው አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት ያለ ቦታው የተናገረም ደፋር ነው፣ ያልተሰጠውን ያነሳም ደፋር ነው። «ደፋር ሆነ» ስትለኝ አደገ ልበል ወይስ ባለገ?

ተረቱ ግን ለቢልቦ ልክክ ይላል። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም። ጎብሊን ከሚባሉት ክፉ ፍጡራን ዋሻ የወጣው በጠባብ የበር ክፍተት ተሹለክልኮ ነው፤ የልብሱ ቁልፎች ተበጥሰው እዚያው ቀርተዋል። ኤልፍ ከሚባሉት የጫካ ሕዝብ ንጉሥ እስር ቤት ደግሞ ድዋርፎቹን ባዶ በርሜል ውስጥ ከቶ በወንዝ አስወጣቸው። እሱ ራሱ በርሜል ላይ ተለጥፎ። ጭስም እንዲህ አይወጣም።

ከጎብሊን ካመለጡ በኋላ ተኩላ ሲከባቸው ደግሞ ቢልቦ የራሱን ተረት ይተርታል፤ ከጎብሊን አምልጦ በተኩላ መያዝ ይላል። እኛ ጋ «ከድጡ ወደ ማጡ» ተብሎ ያለቀ ነገር ነው። ደራሲው የቋንቋ ሰው ስለሆነ ሰውዬውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሲፈጥር ያሳየናል። ይህን ወድጄለታለሁ።

ጤና አዳም፦
ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከመነሻው ልምጣ። ሰውዬው ያደገው ከምን ተነሥቶ ነው? ሁሉም «ከፍርሃት» ይላል። እኔ «ከይሉኝታ» ነው የምለው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተመልከቱ። ጋንዳልፍ ደጁ ላይ ሲደርስ ቢልቦ መልካም ጠዋት ይመኝለታል። ወሬው ወደ ጀብዱ ሲያዘነብል ያንኑ ሰላምታ ይደግመዋል፤ አሁን ግን «ሂድልኝ» ለማለት ነው። «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ዋሉ» እያልን እንግዳ የምንሸኝበት ዘዴ እኮ ነው! ጋንዳልፍ ነቃበት። በአንድ ሰላምታ ስንት ነገር እንደምትል ብሎ አሾፈበት። ቢልቦ ታዲያ ምን አደረገ? ነገ ሻይ ጠጣ ብሎ ጋበዘው። ሊያባርረው የፈለገውን ሰው ጋበዘው! ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ንጹሕ ይሉኝታ ነው።

በማግስቱም ድዋርፎቹ ተራ በተራ በሩን ሲደውሉ ኬክና ቡና ያቀርባል። በሆዱ ይራገማል፣ በአፉ «ግቡ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ምዕራፍ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

«ጨዋ» የሚለውም ቃል እዚህ ይገባል። ጎረቤቶቹ ባጊንሶችን የሚያከብሯቸው ለሀብታቸው ብቻ አይደለም። ጀብዱ የሚባል አያውቁም፣ ያልተጠበቀ ነገር አያደርጉም። ባጊንስ ምን እንደሚመልስ ሳይጠየቅ ይታወቃል። «የጨዋ ልጅ» የምንለው ይኸው አይደል? በእናቱ በኩል ግን የቱክ ዘር አለበት። ከቱኮች መሀል አልፎ አልፎ ብድግ ብሎ ጀብዱ ፍለጋ የሚሄድ አይጠፋም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ጨዋ» ሌላም ፍቺ አለው። በቤተ ክህነት ሰው አፍ ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው። ቢልቦ በሁለቱም ጨዋ ነበር። ካርታ ይወዳል፣ አገር ግን አያውቅም።

አራት ኪሎ፦
አቦ እናንተ ሰዎች! ጨዋ ጨዋ ትላላችሁ፣ የተቀጠረው በሌብነት ነው እኮ። እሱን ለምን ዘለላችሁት?

ቃል ለቃሚ፦
አልዘለልነውም። «ሌባ» በጣም ሰፊ ሆኖ ነው። የመጽሐፉ ቃል ቤት ሰብሮ የሚገባውን ነው የሚለው፤ «ሰርሳሪ» ይቀርበዋል። ዘንዶው የተኛው ተራራ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ መሰርሰሩ በደንብ ይገባል። ከድዋርፎቹ አንዱ ግሎይን፣ ስሙ ካልተመቸህ «ባለሙያ ሀብት ፈላጊ» እንበልህ ይለዋል። ደላላው «ኮሚሽን ኤጀንት» ሲባል እንደሚደላው መሆኑ ነው።

አራት ኪሎ፦
የመጀመሪያ ሙከራው ግን ኪስ ማውለቅ ነበር። ትሮል የሚባለው ግዙፍ ፍጡር ቦርሳ አፍ አውጥታ ጮኸችበትና ተያዘ። ሰርሳሪነት ገና ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እንቆቅልሹን እኔ ላንሣው። እኛ «እንቆቅልሽ» ስንል «ምን አውቅልህ» ይባላል። መመለስ ያቃተው አገር ይሰጣል። ቢልቦና ጎለም የሚባል የዋሻ ፍጡር ጨለማ ውስጥ ሲጫወቱ መያዣው አገር አይደለም። ቢልቦ ከተረታ ይበላል፣ ከረታ መውጫውን ይመራዋል። ቢልቦ ጥያቄ ሲያልቅበት ኪሱን እየዳሰሰ «ኪሴ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለ። ለራሱ ነበር የተናገረው። ጎለም ግን የጨዋታው ጥያቄ መሰለው። ቢልቦም ሳያርመው ጥያቄ አደረገው።

ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። የእንቆቅልሽ ፍቺ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተደብቆ መገኘት አለበት። የኪስን ነገር የሚያውቀው ባለ ኪሱ ብቻ ነው። ደራሲውም በጥንቱ የጨዋታ ሕግ እንቆቅልሽ ሊባል እንደማይችል ሳይደብቅ ነግሮናል። እዚህ ላይ ቢልቦን «ብልጥ» በሉት፤ «በሳል» ለማለት አትቸኩሉ።

ቃል ለቃሚ፦
ጋሼ፣ ብስለቱ ከጨዋታው ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ኪሱ ውስጥ ያለው ከዋሻው ወለል ላይ ያነሳው የጎለም ቀለበት ነው፤ ያጠለቀውን ሰው ይሰውራል። ጎለም መውጫው ላይ ተቀምጧል። ቢልቦ አይታይም፣ ሰይፍ ይዟል። ቢወጋው ያልፋል። ግን የዚያን ፍጡር ብቸኝነት አሰበ። ብርሃን የሌለው፣ ተስፋ የሌለው የሺህ ቀን ኑሮ ታየው። ሳይነካው ከበላዩ ዘሎ ሄደ።

ለዚህ «ራራለት» ማለት ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግን «አንጀቱን በላው» ነው። ጎለም ሥጋውን ሊበላ ፈልጎ አንጀቱን በላው! ይህን ቅኔ እንግሊዝኛው አያገኘውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ትዕይንት በ1937ቱ እትም አልነበረም። እዚያ ጎለም ከተረታ ቀለበቱን ስጦታ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ሲያጣው ይቅርታ ጠይቆ መንገዱን አሳየው፤ በሰላም ተለያዩ። ቶልኪን ተከታዩን ታሪክ ሲጽፍ ቀለበቱ ክፉ ሆነ። ባለቤቱ በፈቃዱ የሚሰጠው ነገር መሆኑ ስላላስኬደ ምዕራፉ በ1951 እትም ተቀየረ። ጭካኔውም ርኅራኄውም ያኔ ገቡ። ስለዚህ በ1937 ቢልቦ ዕድለኛና ብልጥ ነበር። አንጀቱ የተበላው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

አራት ኪሎ፦
ይሄን አላውቅም ነበር፤ አሪፍ ነው። እኔ ግን «የልብ ልብ» የሚለውን ሳትረሱት። ጫካው ውስጥ ትልቅ ሸረሪት ብቻውን ገደለ። ያኔ ሌላ ሰው የሆነ መሰለው። ለሰይፉም ስም አወጣለት፤ «ነዳፊ» ብንለው ያስኬዳል። ቀለበቱና ሰይፉ የልብ ልብ ሰጡት። የልብ ልብ ያገኘ ሰው ደግሞ ልኩን ያልፋል።

ዘንዶው ጋ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ስማውግን እያሞጋገሰ ሙድ ያዘበት! ስሙን ሲጠየቅ በእንቆቅልሽ መለሰ፤ «በርሜል ጋላቢ» ነኝ ምናምን አለ። ዘንዶውም ከዚያ ተነሥቶ የሐይቁን ከተማ ሰዎች ጠረጠረ። ሄዶ ከተማቸውን አቃጠለ። ቢልቦም ሲወጣ አንድ ቀልድ ጨምሮ ጸጉሩና ተረከዙ ተለበለበ። በሕይወት ባለ ዘንዶ መሳቅ እንደማይገባ ለራሱ የተናገረው ያኔ ነው፤ እሱም ተረት ሆኖ ቀረ።

ጤና አዳም፦
አራት ኪሎ፣ ዛሬ ጥሩ አመጣህ። ግን ከዚያ ንግግር በፊት የነበረውን አለፍከው። ቢልቦ መጀመሪያ በዋሻው ሲወርድ ዘንዶውን ገና አላየም። ከሩቅ የእንቅልፉ ድምፅ ይሰማል። ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። መጽሐፉ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ ትልቁ ጀግንነት ይኸው መቀጠሉ ነው ይላል። ዘንዶ የሚገድለው ሌላ ሰው ነው፤ የሐይቁ ከተማ ቀስተኛ ባርድ።

የእኔ ክርክር የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ዋሻው ውስጥ ማንም አያየውም። ድዋርፎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ተመልሶ «ሞክሬ አልሆነልኝም» ቢል ማን ያውቃል? ይሉኝታ ተመልካች ይፈልጋል። ተመልካች በሌለበት የሄደው በሌላ ኃይል ነው። ያን ኃይል ነው መሰየም ያለብን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ልብ ገዛ» በሉት። ሽማግሌ ልጅን «ልብ ግዛ» ሲለው ጨክን ማለቱ አይደለም፤ ጎብዝም ማለቱ አይደለም። አስተውል፣ የራስህ ሰው ሁን ማለቱ ነው። የልብ ልብ የሚሰጥህ ሌላ ነው፤ ቀለበት ይሆናል፣ ሰይፍ ይሆናል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ልብን ግን የሚገዛው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ማስረጃው አርከንስቶን የተባለው ዕንቁ ነገር ነው።

አራት ኪሎ፦
እሱ ላይ አልስማማም ጋሼ። የድዋርፎቹ መሪ ቶሪን ከሀብቱ ሁሉ የሚፈልገው ያንን ዕንቁ ነው። ቢልቦ አግኝቶ ደበቀው። ከዚያ ከተራራው ውጭ ለሰፈሩት ለባርድና ለኤልፎቹ ንጉሥ በሌሊት ወስዶ ሰጣቸው። በእኛ ቋንቋ ይህ ባንዳ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ባንዳ ለጥቅሙ ያድራል፤ ቢልቦ ምን ተከፈለው? እንዲያውም ዕንቁው ከ14 አንድ በምትለው ድርሻው ይታሰብ ብሎ የራሱን ነው የሰጠው። ደግሞም ተመልሶ ሄደ። ኤልፎቹ እዚህ እደር፣ በክብር እናስተናግድሃለን ሲሉት እምቢ አለ። ቦምቡር የተባለውን ወፍራሙን ድዋርፍ በጥበቃ ተክቶት ነበር የወጣው። እኩለ ሌሊት ላይ ልቀሰቅሰው ቃል ገብቻለሁ ብሎ ተመለሰ። ባንዳ ወደ ከዳቸው ሰዎች ጉያ ተመልሶ አይተኛም። ማግስቱንም ቶሪን ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። ይህ ሽምግልና ነው። ያልተላከ ሽማግሌ ብትለው እስማማለሁ።

ጤና አዳም፦
ቶሪን ደግሞ ከግድግዳው ሊወረውረው ነበር። ለነገሩ የቶሪን ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። የሐይቁ ሰዎች ተርበው ሲመጡ አብልተዋቸዋል፣ ፈረስና ስንቅ ሰጥተዋቸዋል። በዚህ ጣጣ ከተማቸው ነደደ። ድርሻ ሊጠይቁት ሲመጡ በሩን በድንጋይ ደፈነ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

መጽሐፉ ይህን እንደ በሽታ ነው የሚያየው፤ ዘንዶ ለረጅም ጊዜ የተኛበት ወርቅ የሚያስይዘው ሕመም። «ስስት» ያንሰዋል፤ ስስት በአንድ እንጀራም ይሆናል። «ፍቅረ ንዋይ» ይሻላል፣ ግን የስብከት ሽታ አለው። እኔ «የዘንዶ ልክፍት» እለው ነበር። ልክፍት ሰውዬውን ከጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሳያወጣው ከውጭ የመጣበት መሆኑን ይናገራል። ቶሪን በተራራው ደጅ በተነሣው ጦርነት ቆስሎ ሲያጣጥር ቢልቦን አስጠርቶ የተናገረውን ክፉ ቃል መልሶ አነሳ። እሱም ልብ ገዛ፣ ግን ሊሞት ሲል።

ቃል ለቃሚ፦
«የዘንዶ ልክፍት» ተመዝግቧል። እንግዲህ መመለሱ ቀረ። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ በአማርኛ «ደርሶ መልስ» ነው፤ የአውቶቡስ ቲኬት ቢመስልም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ቢልቦ ቤቱ ሲደርስ እንደሞተ ተቆጥሮ ዕቃው በሐራጅ እየተሸጠ ነው። ዕቃውን መልሶ ገዛ። የጎረቤቶቹን ክብር ግን መልሶ አላገኘውም። ግጥም ይጽፋል፣ ኤልፎችን ይጠይቃል፣ ሰው እንደ ዕብድ ያየዋል። እሱ ግን ደንታም አልሰጠው።

ችግሬ «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ መሆኑ ነው። ይሉኝታው ለቆት ጨዋነቱ የቀረለትን ሰው ምን እንበለው?

ጤና አዳም፦
አንድ ቃል አትፈልግለት። «ሰው ምን ይለኛል ማለት ትቶ ልብ የገዛ» ብለህ ጻፍለት። ረዘመ እንዳይሉህ፣ ሰውዬው ራሱ ለመለወጥ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

አራት ኪሎ፦
እሺ በቃ ተረታሁ፤ ባንዳ ማለቱን ተውኩት፣ አገር ሰጠኋችሁ። «ሰርሳሪ»ስ? ከስሙ ጋር እንተወው?

ጤና አዳም፦
እሱን ለዘመዶቹ አዙርላቸው። ከሐራጁ በኋላ የብር ማንኪያዎቹ ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ቢልቦም የሚጠረጥረው ቤቱን ሊወርሱ የቋመጡትን ሳክቪል ባጊንሶችን ነው።