አምፖሉ ሲበራ ልጆቹ ማሰብ ያቆማሉ፤ ምን ላድርግ?

የሳይንስ መምህርት፦
ሰላም መምህራን። ባሕር ዳር 5ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ አሁን የኤሌክትሪክ ዑደት ላይ ነን። የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንንሽ አምፖል በቡድን አድላቸዋለሁ። አምፖሉ ሲበራ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል፣ ከዚያ በቃ። «ለምን በራ?» ስላቸው «ስለገጠምነው» ይላሉ። ጻፉ ስል ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሁሉም ይገለብጣል። የሠሩትን መለስ ብለው እንዲያስቡበት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ ሽቦውን ከማደልሽ በፊት ግምታቸውን አስጽፊ፣ በእስክሪብቶ ይሁን። በበራው አምፖል መስመር ላይ ሌላ አምፖል በተከታታይ ብንጨምርስ በያቸው። ብዙዎቹ የመጀመሪያው እንዳለ ይበራል፣ ሁለተኛው ይደበዝዛል ይላሉ፤ የመጀመሪያው ከረንቱን በልቶ የተረፈው ብቻ ለሁለተኛው የሚደርስ ይመስላቸዋላ። ሲገጥሙት ግን ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ። እዚህ ጋ መልሱን አትንገሪያቸው! ግምታቸውንና ያዩትን ይዘው ይከራከሩ። አሚሜትር (የከረንት መለኪያ) ካለ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም ይለኩ፣ ቁጥሩ ያው ነው። ክርክሩ ሲጦፍ ማን ምን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፊው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያ ትነሳላችሁ።

የፊዚክስ መምህር፦
በጣም ትክክል። እኔ የጢስ ዓባይን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አነሳላቸዋለሁ። ውሃው ተርባይኑን ስላዞረ አያልቅም፣ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከረንቱም አምፖሉ ውስጥ አያልቅም፤ ብርሃንና ሙቀት የሚሆነው ጉልበቱ ነው። ከዚያ «ምሳሌው የማይሠራው የት ላይ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቱቦ ሲቆረጥ ውሃ ይፈሳል፣ ሽቦ ሲቆረጥስ ለምን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል? እዚህ ላይ ዝም የሚል ልጅ የለም።

የተማሪ ወላጅ፦
ልጄ «የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል የጓዳው ለምን አይጠፋም?» ብላ ያዘችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት እንዲመጡ አድርጓቸው። ብቻ ሶኬት ላይ እንዳይሞክሩ አደራ፣ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፣ የቤቱ 220።

የሳይንስ መምህርት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ግምቱን ነገ አስጽፋለሁ። ግን የገበያ አምፖል አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። እኩል ካልደበዘዙስ?

ጣና ዳር፦
እንደውም ጥሩ አጋጣሚ ነው። «ቦታው ነው ወይስ አምፖሉ?» በያቸውና እንዴት እንደሚለዩ ራሳቸው ይዘይዱ። አንዱ ቦታ እንቀያይራቸው ማለቱ አይቀርም። ተቀያይረውም ያው አምፖል ከደበዘዘ ነገሩ ከአምፖሉ ነው።