የመኪናዬ የኋላ ግራ ዝቅ ብሎ ቀረ

የፈረንጆቹ 2007 ሞዴል ባለ 7 መቀመጫ መኪና አለችኝ። ፊቷን የሚሸከመው ሞላ (ስፕሪንግ)፣ ኋላዋን ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉ አየር የሚሞሉ ከረጢቶች ናቸው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የኋላ ግራዋ ከቀኙ በ3.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። የለካሁት ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ነው።

አየር ያፈሳል ብዬ ከረጢቶቹንም ቱቦዎቹንም የሳሙና ውሃ ቀባሁ። አንድም አረፋ የለም። ቆማ ስታድርም ልዩነቱ አይጨምርም። አየር የሚሞላው ኮምፕረሰርም ይሠራል። የግራና የቀኙን የከፍታ ሴንሰር አቀያየርኩ፤ አሁንም የዘመመው ግራው ነው። ጋራዥ «ከረጢቱን ቀይር» አሉኝ። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ሳላረጋግጥ መግዛት አልፈልግም። ልጆቼን የማመላልሰውም በእሷ ነው።

ከረጢቱን ከመግዛቴ በፊት፣ ችግሩ ወደ ግራው ከረጢት አየር ከሚያስገባው ቫልቭ ይሁን ከከፍታ ካሊብሬሽኑ (ኮምፒውተሩ ላይ ከተመዘገበው የከፍታ ልክ) በምን ልለየው?