የውሻ አሰልጣኝ መምረጥ ከበደኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ዓመት ያልሞላው የጀርመን ሸፐርድ አለኝ፣ እንግዳ ሲመጣ እየጮኸ ይዘላል፣ ገመድ ስናስርለትም እየጎተተ እናቴን ሊጥላት ነው። ሁለት አሰልጣኝ አነጋገርኩ፣ አንዱ እኔ ጋ ይክረም በኤሌክትሪክ ኮላር (አንገቱ ላይ ታስሮ በኤሌክትሪክ በሚነዝረው ማሰሪያ) ቶሎ ይታረማል አለኝ፣ ሌላኛው ቤት እየመጣ በስጋ ቁራጭና በማበረታታት ነው የሚያሰለጥነው፣ ግን ጊዜ ይፈጃል እናንተም አብራችሁ ትማራላችሁ ይላል። ልቤ ወደ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ውሻን ስላጉረመረመ ከቀጣነው ፍርሃቱ ሳይለቀው ማስጠንቀቂያው ብቻ ይቀርና ድንገት ሊነክስ ይችላል፣ የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማህበርም እ.ኤ.አ. በ2021 በሽልማት ማሰልጠንን ነው የመከረው። አባቴ ግን የጥበቃ ውሻ በስጋ ከለመደ ሌባም ያባብለዋል ብሎ ድርቅ አለ። በሽልማት ያሰለጠናችሁ፣ ከማያውቀው ሰው ምግብ እንዳይቀበል እንዴት አደረጋችሁት? አሰልጣኙንስ ሳልከፍለው በፊት ምን ምን ልጠይቀው?