«አኒል» በድሮ ሰነዶች ውስጥ የትኛውን ተክል ያመለክታል?

ጥያቄ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበረው የባሕር ንግድ የሚናገሩ የአውሮፓ ሰነዶችን ሳነብ «አኒል» የሚል ቃል በተደጋጋሚ አጋጠመኝ። ቃሉ ዛሬ በእንግሊዝኛ ከአገልግሎት የወጣ በመሆኑ መዝገበ ቃላቱ «ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚገኝበት ተክል» ከማለት አልፎ ብዙ አያብራራም። በሌላ በኩል አውሮፓውያን «ዎድ» ከሚባለው የራሳቸው ተክል ሰማያዊ ቀለም ያወጡ እንደነበር ይታወቃል። ሁለቱ አንድ ተክል ናቸው? ካልሆኑስ አንድ ዓይነት ቀለም እንዴት ሊሰጡ ቻሉ?

የመጀመሪያ መልስ

ተክሎቹ ዝምድና የላቸውም፤ ቀለሙ ግን አንድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢሳቲስ ቲንክቶሪያ የሆነው ዎድ ከጎመን ወገን ሲሆን ቢጫ አበባ ያወጣል። አኒል የተባለው ደግሞ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሚመደበው ኢንዲጎፌራ ነው።

በሁለቱም ቅጠል ውስጥ ሰማያዊ ነገር አይታይም፤ ያለው ከስኳር መሰል ነገር ጋር የተጣበቀ፣ ቀለም የሌለው ውህድ ነው። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወይም ሲብላላ ይህ ውህድ ይፈርስና ኢንዶክሲል የተባለው ንጥረ ነገር ይለያል፤ ኢንዶክሲሉም ከአየር ኦክስጅን ሲያገኝ ሁለት ሁለት እየሆነ ተጣምሮ ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ይሆናል። ኢንዲጎ በውሃ ስለማይሟሟ ነካሪው ኖራ ወይም የአመድ ውሃ በተጨመረበት ጋን ውስጥ እንዲብላላ በማድረግ ወደሚሟሟ ቢጫማ አረንጓዴ መልክ ይለውጠዋል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ይመስላል፤ አየር ሲነካው ግን ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። በማቅለም ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ በመጠን ነው፤ የኢንዲጎፌራ ቅጠል ከዎድ ቅጠል እጅግ የበለጠ ቀለም ይሰጣል።

ሁለተኛ መልስ

ስለ ቀለሙ አሠራር የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን «አኒል ማለት ኢንዲጎፌራ ነው» ብሎ መደምደም ለጠያቂው በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ኢንዲጎፌራ የብዙ ተክሎች የወል ስም ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ጥቁር ሰማያዊ ማለት ከሆነው «ኒላ» ተነሥቶ በዓረብኛው «አል ኒል» በኩል ወደ ፖርቱጋልኛና ወደ ስፓኒሽ ገባ። ስለዚህ ነጋዴዎች «አኒል» ሲሉ በመጀመሪያ የሚያስቡት ቀለሙን እንጂ አንድን የተወሰነ ተክል አልነበረም። ተክሉን ለመለየት ሰነዱ የተጻፈበትን ወደብና ዓመት መመልከት ያስፈልጋል። ጭነቱ ከሕንድ የተነሣ ከሆነ በአብዛኛው ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ ነው። ከጓቲማላና ከአካባቢዋ የተነሣ ከሆነ ግን ዛሬ ኢንዲጎፌራ ሱፍሩቲኮሳ የምንለው የአሜሪካ ተክል ሊሆን ይችላል፤ የእጽዋት ተመራማሪው ሊኔየስም ለዚሁ ተክል ኢንዲጎፌራ አኒል የሚል ስም ሰጥቶት ነበር።

የዎድ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ ቀለም አጥብቀው ተቃውመውታል። ኑሯቸው በዎድ ላይ የቆመ በጀርመን እንደ ቱሪንጊያ፣ በፈረንሳይ እንደ ቱሉዝ ያሉ አካባቢዎች ስለነበሩ ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በ1577 በጀርመን የወጣው ድንጋጌ ባዕዱን ቀለም «የሰይጣን ቀለም» በሚል ስም ከለከለ፤ በ1609 ደግሞ የፈረንሳዩ ንጉሥ አራተኛው ሄንሪ በሚጠቀምበት ሰው ላይ የሞት ቅጣት ደነገገ። እንዲህ ባሉ የሕግ ጽሑፎች ውስጥ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ስለሚጠሩ መለየቱ አያስቸግርም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰነዱን ቦታ መጥቀስ ነበረብኝ፤ ጭነቱ የተነሣው ከጉጅራት ሲሆን ሳርኬጅና ባያና የሚሉ ስሞች ከአኒል ጋር ተያይዘው ተጽፈዋል። እነዚህ የተክል ዓይነቶች ናቸው ወይስ የቦታ ስሞች?

ሦስተኛ መልስ

የቦታ ስሞች ናቸው። ሳርኬጅ በአሕመዳባድ አጠገብ፣ ባያና ደግሞ ከአግራ ብዙ ሳይርቅ የሚገኙ ሲሆኑ ሁለቱም በዘመኑ በኢንዲጎ ምርታቸው የታወቁ ነበሩ። ነጋዴዎች የሳርኬጁን በጠፍጣፋ ቅርጹ፣ የባያናውን በድቡልቡል ቅርጹ ይለዩት ስለነበር ሰነዱ ላይ «ጠፍጣፋ» ወይም «ክብ» የሚል ቃል ካለ የሚናገረው ስለ ደረቀው ቀለም እንጂ ስለ ተክሉ አይደለም። ከባያና የሚመጣው በአብዛኛው የተሻለ ዋጋ ያወጣ ነበር። በዚህ መሠረት በእርስዎ ሰነድ ውስጥ ያለውን «አኒል» ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ ከተባለው ተክል የወጣ ቀለም አድርገው ቢወስዱት ስሕተት አይሆንም።

ቃሉ ሞተ ለማለትም አልደፍርም። ኬሚስቱ ፍሪትዝሽ በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኢንዲጎን ከብርቱ አልካሊ ጋር በማሞቅ ያገኘውን ፈሳሽ ከአኒል ስም ወስዶ «አኒሊን» ብሎታል፤ ዛሬም በመላው ዓለም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች በዚሁ ስም ይጠራል።