እቁብ ወደ ስልክ ሲገባ፦ ጥናቴ ላይ ተቸንክሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ የሶሺዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ እቁብ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ እቁብተኛ ብሩን ከቤቱ ሆኖ ይልካል፣ እኔ የማጠናው እቁብ ደግሞ ዕጣውን በቴሌግራም ቪዲዮ ነው የሚያወጣው፤ ታዲያ ቡናው፣ ወሬው፣ ዳኛው ፊት «ልጄን ልድር ነው፣ ቅድሚያ ስጡኝ» የሚባለው ነገር የት ገባ? አማካሪዬ ግን «ለውጡን ያመጣው ስልኩ ነው ወይስ የሰው ኑሮ መራራቅ? ለይተሽ አሳዪ» አለችኝ። እንዴት ነው የሚለየው? በአካል የሚሰበሰብ እቁብ ጎን ለጎን ላጥና ወይስ ቃለ መጠይቅ ይበቃል? ደግሞ ዳኛው ግሩፑን እንዳይ ፈቅዶልኛል፣ አባላቱንስ አንድ በአንድ ላስፈቅድ? (ከትዳር አጋር ተደብቆ የሚጣል እቁብ እኮ አለ!) የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።