«መብራቱን ያበራው ንጉሡ ነው» ለሚለው

ወለላ፦ ትናንት እዚህ በደቡብ ህንድ ስላለው የታሚል ናዱ ክልል ቤተ መቅደሶች በተለጠፈው ላይ «መብራቱን ያበራው ንጉሡ ነው» የሚል አንብቤ ደሜ ፈላ። እዚያው ታንጃቩር ከተማ ባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ሌላ ነው። ለአንድ የማይጠፋ መብራት 96 በግ ለእረኛ ይሰጣል፤ እረኛው በየቀኑ አንድ ኡላኩ (የዚያ ዘመን መስፈሪያ ነው) ንጥር ቅቤ ያስገባል፣ ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ። ንጉሡ አንዴ ሰጠ፣ እረኛው ዕድሜ ልኩን ገበረ።

ጎራው፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1010 ያንን ቤተ መቅደስ ያስጨረሰው የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ ነው። በጉን ባይሰጥ ቅቤው ከየት ይመጣ ነበር?

ወለላ፦ «የማይሞቱ፣ የማያረጁ በጎች» ተብለው ነው የተጻፉት። በግ ግን ይሞታል። የሚተካው ማን ነው? እረኛው! ያበራውም እሱ ነው!

የቆላው ልጅ፦ ወለላ፣ አጋነንሽ። በግ እኮ ይወልዳል፤ የሚተካው ከግልገሉ ነው። ድንጋዩ የሚጠይቀው ኡላኩዋን ብቻ ነው፤ የተረፈው የእረኛው ነው። ጥሩ ውል ነበር።

ወለላ፦ በሽታ ሲገባስ? ዝናብ ሲጠፋስ? ታንጃቩር ላይ የእረኛው ስም ለብቻው አልተጻፈም፤ ወንድሙ፣ ልጁ፣ ዘመዱ ተደርድረዋል። እሱ ቢያቅተው ዕዳው የእነሱ ነው። ጥሩ ውል ይሄን ሁሉ ዋስ አይጠራም።

የቆላው ልጅ፦ ዋስ የሌለው ውል የት አገር አለ?

ትርሲት፦ ሁለታችሁም «ንጉሡ» ላይ ተጣብቃችኋል። ንግሥቶች ሰጥተዋል፣ ነጋዴዎች ሰጥተዋል። አውሬ ሲያድን ሳያስበው ሰው በቀስት ገድሎ መብራት እንዲያቆም የተፈረደበትም አለ። እሱን ያበራው ራጃራጃ ነው?

ጎራው፦ ይኸው፣ ደም በደም ሳይመለስ በመብራት የሚያስታርቅ ፍርድ! ይሄ ሥልጣኔ ነው።

ወለላ፦ የሟች ሚስትስ ምን አገኘች? መብራት?

ተራማጅ፦ እናንተ ስለ በግ ትጣላላችሁ፤ ዛሬ እነዚያን ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሕግ የሚያስተዳድረው የክልሉ መንግሥት ነው። ምእመናን የሰጡትን ቢሮክራት ምን አገባው?

የቆላው ልጅ፦ መንግሥት ባይቆጣጠር ባለአደራዎቹ የቤተ መቅደሶቹን መሬት ይበሉት ነበር። ደግሞ ርዕሱ ይሄ አይደለም።

ወለላ፦ ጎራው፣ ቢያንስ ልጥፍህ ላይ እረኞቹን ጨምር። ስማቸው ድንጋይ ላይ አለ፤ አንተ ዘንድ ብቻ ነው የሌለው።

ጎራው፦ አልጨምርም። የሰጠ ይመሰገናል፣ የተቀበለ ግዴታውን ተወጣ።

ትርሲት፦ ነጋዴዎቹንስ?